የለቀቀ ቀለም

በሮዶፔ ተራራ፣ በትንባሆው መንደር፣
የባህል ቤቱ የውጭ ግድግዳ ራቁቱን ነበር።
ከንቲባው ጠርተውኝ፣ «ደጉን ዘመን ሳዪልን፤
ሠርግ ይሁን፣ መኸር ይሁን፤ እንባ ብቻ አታሳዪን»
አሉና ቆጠሩልኝ የደመወዜን ግማሽ፣
ሦስት ባልዲ ኖራ፣ አንድ መሰላል፣ አንድ ፍራሽ፣
የባዶ ቤት ቁልፍም፣ ባለቤት የሌለው።
መስኮቱ ላይ ዝጎ፣ ክንድ የሚያህል መርፌ ነው
ያገኘሁት። የማን? ብዬ አልጠየቅሁም፤
የደረቀ ቀለም ለመፋቅ አይከፋም።

ከዚያ ሽማግሎች መጡ በየተራ፣
ትዝታ ተሸክመው እንደ ሰው አደራ።
አንዷ «ዳቦው ትልቅ ነበር» ብላ ክንዷን ዘረጋች፤
ሳልኩላት። በማግስቱ «ጨምሪበት» አለች።
አንዱ የአደባባዩን ሰዓት፣ ቆሞ የቀረውን፣
«አይዘገይም ነበር» አለኝ፣ እያየ እጁን።
ሩሜን ነፊው ደግሞ፣ ባለ ክላሪኔቱ፣
«ብር አድርጊልኝ» አለ፤ እንጨት ነው በእውነቱ።
ትዝታ እንደ ሊጥ ነው፤ ሲያድር ኩፍ ይላል፤
ሰማዩን ሦስቴ ቀባሁ፤ «ገና ነው፣ ይጠራል!»

ትንባሆው ላይ ስደርስ ብሩሼ አመነታ፤
በክር የተሰካ ቅጠል፣ ከጣሪያው ከፍታ
ወርቅ መስሎ ተሰቅሏል፤ እጅ ግን የለውም።
«ማን ነበር የሚሰካው?» ብዬ ጠየቅሁ።
                                        ዝም።
አንዱ አሳለ። አንዷ ከሹራቧ ላይ የሌለ ክር መዘዘች።
«እኛው ነና!» አለ ሩሜን። ባባ ዶና ሳቀች።
«አንተ? መርፌ ይዘህ ታውቃለህ?

የሻዚዬ እጅ ነው። ጎህ ሳይቀድ ትነሣና
ትሰካለች፤ ሙጫው ከጣቷ አይለቅም እስከ ገና።
ያን ክረምት፣ በበረዶ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት
‹ስቬትላና ናት› አለ። አፌ እምቢ አለኝ ለመጥራት፤
በዱሮውም አልደፈርኩ፤ ዝም አልኳት አራት ዓመት።
ከዚያ በጋው ሲገባ፣ ከመኪናቸው አናት
ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ የእናቷን ፎቶ አስረው ወጡ።
‹ሽርሽር ሄዱ› አልን እኛ። ሽርሽር! ሄደው ላይመጡ።
ላሟን ሰጥታኝ ሄደች።
አለብኳት።»

«ፊቷስ ምን ይመስል ነበር?» አልኳት። ብዙ ቆየች።
«እጇን ነው የማውቀው፣ ልጄ፤ መልኳ ጠፋኝ» አለች፤
ቀጥላም፣ «የምታድሪበት ቤት የማን ይመስልሻል?»

እኔም ያን በጋ ልጅ ነበርኩ። ሃስኮቮ መንገድ ዳር ቆሜ፣
ፍሪጅ የጫነው ሰልፍ ሲያልፍ፣ በግራዬ አይስክሬሜ፣
በቀኜ አውለበለብኩ። ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በአበባ
ሞልቼ ሳልኩት መንገዱን፤ ሰው የለም ሲወጣ፣ ሲገባ።
መምህሯ ኮከብ ሰጠችኝ።

ማታ መርፌውን ይዤ ከመሰላሉ ወጣሁ።
እጅ አልሳልኩም። ከወርቁ ቅጠል ሥር ፋቅሁ፣
ቀለሙን፣ ኖራውን፣ እስከ ድንጋዩ ድረስ፤
አሥር ጣት፣ ክር የሚስቡ፣ ክሩ የማይጨረስ።
ሩሜን ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል፣ ባርኔጣውን ይዞ፤
«በሷም ሠርግ ነፍቻለሁ» አለ፣ ድምፁ ደንዝዞ፤
«ብሩን አንሺልኝ፤ ጥቁር እንጨት ነበረ።»
ብሎኝ ሄደ። ውሻ ብቻ ሲጮኽ አደረ።

ከንቲባው ቀሪውን ግማሽ ከለከሉኝ፤
«ግድ የለም፣ ዝናብ ያጥበዋል» ብለው ተሰናበቱኝ።
አልዋሹም። ዶና ስትደውል እንዲህ ትለኛለች፦
«ዳቦው ለቀቀ። ሰማዩም። ያቺ ሙሽራ ደበዘዘች።
ወርቁም እንደ ሻዚዬ ቀስ ብሎ ለቀቀና፣
ከተፋቀው ግን ውኃ ገብቶ፣ አሥሩ ጣት ጠቆረና
አይለቅም፣ ልጄ። አይለቅም እስከ ገና።»